ማክሰኞ የተፈጠሩት ታላላቆቻችን

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልንና፣ እናቴ የልጆቼ አያት ከመሆናቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባለው ግቢያቸው የበቀለውን ሁሉ እንደ ቤተ ዘመድ ቈጥረው ማለዳ ማለዳ እየዞሩ «እንዴት አደራችሁ?» ይሉ ስለ ነበር፣ ሰላምታቸው ከወይራው ተነሥቶ፣ በኮሶውና በጽዱ አልፎ፣ ጤና አዳሙንና ዳማ ከሴውን ተሰናብቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ቁርሳችን ይቀዘቅዝ ነበር።

ለዚህ ቅደም ተከተል ግን መሠረቱ የማይነቃነቅ ምክንያት ነበራቸው። አክሲማሮስ ሲተረጐም ከዐውደ ምሕረት በጆሮአቸው እንደ ሰሙት፣ እግዚአብሔር 22ቱን ሥነ ፍጥረት በስድስት ቀን ሲያከናውን ዕፅዋትን ማክሰኞ፣ አዕዋፍን ሐሙስ፣ አባታችን አዳምን ግን ዓርብ ፈጥሯልና፣ «ታናሽ ተቀምጦ ታላቅ ቆሞ የሚውልበት ቤት የት አለ?» ይሉ ነበር። ዛፍ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሚውል መሆኑን የነገራቸው ሰው ቢኖር መልሱን ለመስማት እጓጓ ነበር፤ የደፈረ ግን አልነበረም። ቁራ ከገመድ ላይ ቋንጣ ይዞ ሲበርም ሠራተኛዪቱ ድንጋይ ብታነሣ፣ «ተዪው፤ የሐሙስ ነው፣ ከዓርብ ላይ ቢወስድ መብቱ ነው» ብለው ይገሥጿት ነበር፤ የተነጠቀው ቋንጣ ሁልጊዜ የእኔ ድርሻ ሆኖ መገኘቱ ግን እስከ ዛሬ ያልተፈታልኝ ምሥጢር ነው።

በዚህ ሁሉ ርኅራኄያቸው ውስጥ አንድ ባላንጣ ነበራቸው፤ እርሱም ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ይህ እንግዳ ባይደርስ ኖሮ ከተማችን በማገዶ እጦት ተፈትታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበረ ብተርክላቸው፣ «ይዛወር ነበራ! እኔና ወይራው እዚሁ እንቀር ነበር» አሉኝ። ምንጩን ጠጥቶ አደረቀብኝ የሚል የቆየ ክስ ነበራቸውና፣ ማክሰኞ መፈጠሩን ከካህናቱ ጋር ላለመጣላት ሲሉ ቢያምኑለትም፣ «ማታ ላይ ነው» የምትል ቃል ሳይጨምሩ አያልፉም።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የእንዶዱ ነገር ነው። ነጠላቸውን በሳሙና አጥበው አያውቁም፤ የእንዶዱን ፍሬ ወቅጠው አረፋው ከገንዳው እስኪገነፍል እያሹ፣ እጣቢውን ወደ ወንዙ ይደፉት ነበር። አንድ ቀን ታላቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ አግኝተው፣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን ደዌ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚፈጀው በምርምር ማረጋገጣቸውን በኩራት ነገራቸው። ልጁ አያቱ የሳይንስ ተባባሪ በመሆናቸው ደስ ይላቸዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረና፣ «ቀንድ አውጣ የውኃ ፍጥረት አይደለም እንዴ? ሐሙስ መሆኑ ነው!» ብለው በማግሥቱ ከነፍስ አባታቸው ዘንድ ገሠገሡ። አባ ብዙ ኀጢአት ሰምተው የሸመገሉ ካህን ቢሆኑም የቀንድ አውጣ ነፍስ ግድያ ገጥሟቸው ስለማያውቅ፣ ጥቂት ጢማቸውን ዳብሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግሙ አዘዙ። ቀኖናው እጅግ የቀለለባቸው እናቴ፣ ከዚያ ወዲህ እጣቢው ከወንዝ ርቆ፣ ከአጥሩ ማዶ በደረቅ መሬት እንዲደፋ በራሳቸው ሥልጣን ጨመሩበት። ባልዲውን እየተሸከሙ ንስሐውን የፈጸሙት ግን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

ያረፉት በክረምት ነበር። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጥተው የኮሶው ቅርንጫፍ ስለ ከለከላቸው ዳኛው መጥረቢያ እንዲመጣ ቢያዝዙ፣ ያው ታላቁ ልጄ እንባውን ጠርጎ፣ «አባባ፣ እርሱ እኮ በሦስት ቀን ይበልጥዎታል» አላቸው። ዳኛው ነገሩ ባይገባቸውም፣ ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛ ጋር አይከራከሩምና መጥረቢያውን አስመለሱ። ድንኳኑ ቅርንጫፉን አቅፎ ተጣምሞ ተተከለ፤ በሠልስቱ ዕለትም ዝናሙ በዚያው በቅርንጫፉ ቀዳዳ እየተንቆረቆረ ስለ ገባ፣ አባ ጸሎቱን ያደረሱት በድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ነው፤ ንፍሮውም ዳግመኛ እንደ ተቀቀለ ሆኖ ረጥቦ ታደለ።