የአብሮ አደጎችን ቀጠሮ በልብስ ማበላሻ ዘዴ

ስድሳን የተሻገሩ የትምህርት ቤት ጓደኞች ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ላይ ሊገናኙ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ፣ ከደሴ፣ ከውጫሌ፣ ከአምባሰል ገጠርም። ቀኑን ለማበላሸት ዝናብ አያስፈልግም፤ የአለባበስ ደንብ ይበቃል።

መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ እንዲያሰፋ እዘዙ። ዋጋውን አዲስ አበባ ያለው ይወስን፣ መዋጮውም በቴሌግራም ይነገር። በጡረታ አበል የሚያድረው መምህር አይከራከርም፤ በዕለቱ "ትንሽ አሞኛል" ብሎ ይቀራል። ስንት ዓመት የናፈቁትን ጓደኛ በጨርቅ ዋጋ ማስቀረት ነውር ነው፤ ማበላሸት ከተፈለገ ግን ከዚህ የሚፈጥን መንገድ የለም።

ቀጥሎ ጋቢና ሽርጥ ከልክሉ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ አንዱ በሽርጥና በኮፍያው፣ ሌላው በጋቢው፣ አንዷ በሂጃቧ፣ ሌላዋ በነጠላዋ ቢመጡ እኮ ገና ከሩቅ ይተዋወቃሉ። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ ጠዋት ትከሻ ያሞቃል፣ ቀን ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል፣ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ሁለት ሰው ይለብሰዋል። ይህን የሚተካ ኮት አላየሁም።

ጫማው አዲስ፣ ጠባብና ጠንካራ ይሁን። ከዚያ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዳስተማሩበት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር ውሰዷቸው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ከደነዘዘ ጫማው ሲልጠው ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃልና ወፍራም ካልሲ ያዙ ብላችሁ እንዳትነግሩ። ገዳሙ ሴቶችን አያስገባም፤ እነሱን ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ አስጠብቋቸው።

ማታ ማሲንቆ መች ይቀራል! አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ በስሙ በሚጠራበት አገር ሲመታ ደግሞ ትከሻ አያስቀምጥም። በጠበበ ኮት የታሰረ ትከሻ ግን ከወንበሩ አይነሳም።

ወዳጆቼ፣ ደንብ ማውጣት ግድ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ ያላችሁን ንጹሕ ልብስ ልበሱ፣ የለመዳችሁትን ጫማ ተጫሙ፣ ጋቢ ወይም ኩታ ያዙ። ከዚያ "አሞኛል" ላለው መምህር ደውሉለት።