ውዳሴ ሃርድ ዲስክ

መቐለ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ደረጃ ውጡና አንድ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ግቡ። የትኛውም ይሁን። ከቡናው ሲኒ ጎን አንዲት ጥቁር ሃርድ ዲስክ ተጋድማለች። ገመዷ በፕላስተር ታስሯል፤ ሲነካ ስለሚቋረጥ ማንም አይነካውም። በሆዷ የ2010 ሰርጎች፣ የ2011 ክርስትናዎች፣ ሁለት ምርቃት፣ አንድ የጓይላ ክሊፕና ያላለቀ ዘጋቢ ፊልም ይዛለች። እነዚህ ሁሉ ሌላ ቦታ የሉም። ለምን ይኖራሉ? ልብ አንድ፣ ሃርድ ዲስክም አንድ።

እኔም የሙያው ሰው ነኝና እስከ ዛሬ ሳላመሰግናት መቆየቴ ይቆጨኛል።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ሰርጉ ባለቀበት ሌሊት ነው። ጀማሪ ከሚሞሪ ካርዱ "ኮፒ" ያደርጋል፤ የበሰለ ባለሙያ ግን "ከት" ነው የሚያደርገው። ኮፒ ካርዱ ላይ ትርፍ ያስቀራል፤ ትርፍ ማስቀረት ደግሞ መጠራጠር ነው። "መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?" የሚል ፈሪ ካለ፣ መቐለ ላይ መብራት ጠፍቶ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። የተገለበጠው ፋይል ይከፈት አይከፈት እንደሆነ ማየትም ነውር ነው። ካርዱ እዚያው ፎርማት ይደረጋል፤ ነገ ኲሓ ላይ ሌላ መርዓ አለ።

በመካከላችን ጠንቃቆች የሉም እንዳይባል "እኔ ባካፕ አለኝ" የሚሉም አሉ። አንዱን ጠየቅሁት። "ሲ ላይ አንድ፣ ዲ ላይ አንድ" አለኝ። ሲና ዲ የአንዲት ዲስክ ሁለት ክፍልፋዮች ናቸው፤ ዲስኳ ስትሞት አብረው ይቀበራሉ። አንዲት ክፍል ቤት በመጋረጃ ከፍሎ "ሁለት ቤት አለኝ" ማለት ነው። ሌላው በእርግጥም ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቷል፤ እንዳይለያዩ ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ይይዛቸዋል። ቦርሳው ከአዲ ሐቂ በተሳፈረበት ባጃጅ ላይ ተረስቶ የቀረ ዕለት፣ እውነትም አልተለያዩም።

ከሁሉ የሚመጥቀው ግን ፕሮጀክቱን ቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅ" ላይ ያስቀመጠው ነው። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ዐይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፍተው ግን የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ፕሪሚየር በቀዩ ሰሌዳ ተቀበለው፦ ሚዲያ ኦፍላይን። ፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮውን አይዝም። የትኛው ቀረጻ የት እንደተቀመጠ፣ ከየት ተቆርጦ ከየት ጋር እንደተሰፋ የሚናገር ማስታወሻ ነው። ወዳጄ ጎተራውን አቃጥሎ የአስቤዛውን ዝርዝር አድኗል። ቀሪው እንግዳ መጥራት ብቻ ነው።

"ታዲያ ክላውድ ላይ አትጭኑም?" የሚሉን የአዲስ አበባ ልጆች አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ 4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ያወጣል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ይህን ለመላክ 20 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰዓት ቀረጻ ነው ያልኩት፤ የትግራይ ሰርግ በአንድ ሰዓት አልቆ አያውቅም። ስለዚህ ክላውዱ አይሆንም የሚለው ክርክራችን ትክክል ነው። ከዚህ ትክክለኛ ነገር ተነስተን "እንግዲያው ምንም አናስቀምጥ" የሚለው ድምዳሜ ላይ የምንደርስበት ዝላይ ግን አድናቆት ይገባዋል። ደመናው ካልዘነበ ጀሪካኑን ስበረው እንደ ማለት ነው።

ጀሪካን ካነሳሁ አይቀር፣ የቴሌግራሙ ወዳጄ ቤት ስሄድ ግራ ይገባኛል። መቐለ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ናት። ጣሪያው ላይ ሮቶ አለው። ግቢው ውስጥ በርሜል አለው። ማድቤቱ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ሁሉም ቢያልቅ ጉድጓድ ያላት አክስቱ ዓይደር አለች። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ባለሙያዎችን ሲመክርበት የኖረው ደንብ ይኸው ነው፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ወዳጄ ደንቡን ከመጽሐፍ ሳያነብ ለውሃው በልቡ ያውቀዋል። ውሃ ቢያልቅ ተመልሶ ይመጣል፤ የሰው ሰርግ ተመልሶ አይመጣም፤ ጥንቃቄውን ግን ለውሃው ነው የሰጠው። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኛ ደግሞ ከአፈር ሌላ ጨዋታ አናውቅም።

ለነገሩ ቅጂ የሚሠሩት ድሮም ኋላቀሮች ናቸው። የዚህ አገር ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት አጎንብሶ አንዱን መጽሐፍ ደግሞ ይጽፈው ነበር፤ አንዱ ደብር ቢቃጠል ከሌላው ደብር ይገኝ ብሎ። መጽሐፍ ሲጠፋም ዝም አይባልም ነበር፦ መቐለ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት ለማስመለስ በ1872 እ.ኤ.አ. ለንደን ድረስ ጽፈዋል፤ መጽሐፉም ተመልሷል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ምስኪኖች! እኛ ወራት የሚፈጀውን ሥራ በሁለት ቁልፍ ስለምንጨርሰው፣ ጨርሶ አንሠራውም።

ፈረንጆቹም በእኛ መንገድ ሞክረዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር "ቶይ ስቶሪ 2"ን ሲሠራ አንድ የተሳሳተ የማጥፊያ ትእዛዝ አብዛኛውን ፊልም ጠራረገው። ባካፕ ነበራቸው፤ ይሠራ እንደሆነ ግን ማንም አልሞከረውም፤ አይሠራም ነበር። ፊልሙን ያዳነችው ከሠሪዎቹ አንዷ፣ ጋሊን ሰስማን ናት። ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ስለምትሠራ አንድ ቅጂ ቤቷ ነበር። ኮምፒውተሩን እንደ አራስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና ወደ ስቱዲዮ አመጡት። አያችሁ፣ ሁለተኛ ቅጂ የአራስ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለወንድ ልጅ አይሆንም።

ይህች ከተማ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከ2013 ጥቅምት እስከ 2015፣ መብራት፣ ባንክና ስልክ እንዴት እንደሚጠፉ አይታለች። ስንት ኮምፒውተር ተጭኖ እንደሄደም አይታለች። ያን ጊዜ ስቱዲዮው ተዘርፎበት ያለቀሰ ሰው ላይ አልቀልድም፤ ማንም ያላሰበው ነገር ነው የደረሰበት። የምቀልደው ያንን ሁሉ አይተን ዛሬም ካርዱን "ከት" በምናደርገው ላይ ነው።

ምክንያቱም አሁን ወደ ስቱዲዮ የሚመጡት ሙሽሮች ብቻ አይደሉም። እናቶች ይመጣሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆመው "ወደይ፣ የ2010ሩ የእህቱ ሰርግ ካንተ ዘንድ አለ ወይ? ሙሉውን አይደለም፤ እሱ ጓይላ ሲጨፍር ያለውን ብቻ" ይላሉ። ልጁ የለም። የሚንቀሳቀስበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ገመዷ በፕላስተር የታሰረችው ሃርድ ዲስክ ውስጥ። "አደይ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል" ብሎ የሚመልሰውን ሰው ፊት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከጥር በፊት ቪዲዮ አንሺ የምትዋዋሉ ሰዎች፣ ስለ ካሜራው ዓይነት መጠየቁን ተዉት። ቀብዱን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ "የእኔ ሰርግ ስንት ቤት ያድራል?"