ባለአንድ ዶሮው፦ ስለ ገበያ ከተሞች አመሠራረት የቀረበ ጥናት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትንም ማክሰኚትንም በአንድ ጀንበር ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው ደግሞ ቀኑ ምንም ይሁን ምን ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ባቲም ሰኞን ይዛለች፤ ስሟን ግን አላስነካችም። እነዚህ ከተሞች እንደ ጎንደር ነጋሢ አልቆረቆራቸውም፤ ገበያተኛ ነው እንጂ።

ስለ አመሠራረታቸው በአጥኚዎች መካከል ክርክር የለም፤ አጥኚው አንድ ነውና። መጀመሪያ ገበያተኛ ይመጣል። ገበያተኛ ይጠማዋል። አንዲት ሴት ጠላ ጠምቃ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ትደፋለች። የከተማዋ ልደት ያ ቀን ነው። ወፍጮ ቤቱም፣ ፖሊስ ጣቢያውም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ጣሳውን አይተው የመጡ ናቸው።

ገበያተኛ በሦስት ይከፈላል፦ ሻጭ፣ ገዢና ባለአንድ ዶሮ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሸጠው ገዝተው ስለሚሄዱ ለሳይንስ አይጠቅሙም።

ባለአንድ ዶሮ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮውን ዘቅዝቆ አንጠልጥሎ ይነሣል። ገበያው መሃል አይገባም፤ ዘመድ የሚያልፈው በዳር ነውና ዳር ይቆማል። ገዢ ሲመጣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

«አንቱ፣ ስንት ይላሉ?»

«አንተ ስንት ትላለህ?»

«ባለዶሮው እርስዎ! ይጥሩ እንጂ።»

ይጠራል። ገዢው ላባዋን እፍ ብሎ ገልጦ ደረቷን ይዳብስና ይመልስለታል። ባለዶሮው በእፎይታ ይቀበላል። ይህ እፎይታ ሊጤን ይገባል። ረፋድ ላይ ብትሸጥበት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ዋለ ይባላል? ዶሮዋ ሸቀጥ አይደለችም፤ የይለፍ ወረቀት ናት። እሷን ይዞ የታመመ አበልጁን ይጠይቃል፣ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ያስታርቃል፣ ማዶ ዝናብ መጣሉን ያረጋግጣል። ከዚያ ወደ ጣሳው።

ጠላ ቤት ዶሮዋ መደብ ሥር ትሆናለች። እዚያ እንቁላል የጣለች እንደሆነ ከባድ የሕግ ጥያቄ ይነሣል። ባለዶሮው «የዶሮዬ ነው» ይላል። ጠላ ሻጯ «ቤቴ የተወለደ የኔ ነው» ትላለች። ጠዋት ዋጋ የጠየቀው ሰውዬም ድርሻ አለኝ ባይ ነው።

የበርበሬ ተራንና የከብት ተራን ምድብ እዚህ ላይ ማስከተል ይገባ ነበር፤ ይቆየን፣ ችሎት ተሰይሟል። ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ በደረቅ ጉሮሮ አይፈርዱም፤ ይቀዳላቸዋል፤ ለተከራካሪዎቹም እንዲሁ። ሲመሽ መንገዱ የጅብ ነውና ሁሉም እዚያው ያድራል፤ የከተማዋም ሕዝብ በዚሁ ይጨምራል። እንቁላሉን ጠላ ሻጯ በክርክሩ መሃል ጠብሳው ኖሮ ለዳኛው ቀርቧል።