የሁለቱ ስልሳዎች ሙግት

ተረት ተረት! የላም በረት።

በፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ሽማግሌ ግራፊክስ ካርድ ይኖር ነበር። ትውልዱ እ.ኤ.አ. 2016፣ ሙሉ ስሙ ጂቲኤክስ 1060 ሲሆን፣ የቤቱ ዕቃዎች አያ ስልሳ ይሉታል።

አንድ ቀን ባለቤቱ ከአዲስ አበባ አንድ ጎረምሳ በካርቶን አሽጎ አመጣ፤ አርቲኤክስ 4060፣ የ2023 ልጅ። ሌሊት ጌም ቤቱ ሲዘጋ ጎረምሳው «አያ ስልሳ፣ ዘመንዎ አልፏል፤ ቦታዎን ይልቀቁልኝ» አለ።

ማራገቢያው ቶሎ ደገፈው። «እውነቱን ነው፤ ሽማግሌው እየጋለ እኔን ያስጮኸኛል።» ራሙም ቀጠለ፤ «ሰሞኑን ጨዋታው ይንቀረፈፋል። እርጅና ነው።» አርጅቷል ከተባለ በኋላ ሕመሙን የሚመረምርለት ከየት ይገኛል?

እናታቸው ማዘርቦርድ ግን «ያለ ምስክር አልፈርድም» አለችና ስክሪኑን ጠራች።

«እኔ በሰከንድ የማሳየው 60 ምስል ነው» አለ ስክሪኑ። «በጂቲኤ 5 አያ ስልሳ ይህን ሞልቶ ይሰጠኛል። ትርፉ ቢመጣም አላሳየውም።»

ሃርድ ዲስኩ ተከተለ። «ልጆቹ ዘወትር የሚከፍቱት ጂቲኤ 5ንና ካውንተር ስትራይክን ነው። አንድ የቡሬ ልጅ ግን በ2024 የወጣውን የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ አምጥቶ ጭራሽ አልከፈት አለው።»

«አልክድም» አለ አያ ስልሳ። «ያ ጨዋታ የብርሃን ጨረርን መንገድ የሚያሰላ ክፍል ይፈልጋል፤ እኔ ስሠራ አልተሰጠኝም። የሠራኝ ኤንቪዲያም ለአዳዲስ ጨዋታዎች ድራይቨር መላኩን በ2025 አቁሞ፣ ለደኅንነት የሚያስፈልገውን ብቻ እስከ 2028 ሊልክልኝ ነው። የማልችለውን ሥራ ጎረምሳው ይውሰድ፤ የምችለውን ስለ ምን እቀማለሁ?»

ለጎረምሳውም ልፍረድለት። ሽማግሌው እስከ 120 ዋት ሲፈልግ እሱ በ115 ዋት በብዙ ይበልጠዋል። ጉልበቱ የእውነት ነበር።

ማዘርቦርዷ ፈረደች። «የዳሞት ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ያስመታዋል እንጂ ሞፈር ቀንበሩን አይጥልም። መጀመሪያ ተፈቶ ይታይ።»

ሲነጋ አልነሣም ብላ ደጋግማ ጮኸች፤ ባለቤቱም ጠጋኝ ጠራ። አያ ስልሳ ሲፈታ የማቀዝቀዣው ስንጥቆች በበጋ አቧራ ተደፍነዋል፤ ቺፑ ላይ የተቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቺፕ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያ ሁሉ መንቀርፈፍ የመጣው ከዚህ ነበር። ጠጋኙ አቧራውን በብሩሽ ጠርጎ ፔስቱን ቢለውጠው ሙቀቱ ወረደ፤ ማራገቢያውም ዝም አለ።

ጎረምሳው ካርድ አልባ በነበረው ሁለተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ተተከለ። የቡሬው ልጅ ወደ እሱ ሄደ፤ ሌሎቹ በአያ ስልሳ ፊት ተሰለፉ።

በጋው ተመልሶ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረምሳው ማራገቢያ መጮህ ሲጀምር ከጎኑ ያለው ራም «ይሄኛውም አረጀ መሰለኝ» አለ።

«ዝም በል!» ብሎ ተቆጣ አያ ስልሳ። «ለልጄ ብሩሽ አምጡለት!»