የተቀበረ ሁሉ ቆጮ አይሆንም

ዲላ ላይ ቡና ተፈልቶ ሰው ከተሰበሰበ፣ መክሊቱን ቀብሮ የተቀመጠ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ ሰፈሩ ጊታሪስት ነው። በወጣትነቱ ኳየሩን ሲያጅብ ስብከት የማይወደው ሁሉ እሁድ ጸሎት ቤት ይገኝ ነበር ይላሉ። አሁን ጊታሩ ግድግዳ ላይ ነው። የወንጌሉ ሎሌ ሰነፍ ቢባልም ቢያንስ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ለኛው ምስማሩን እንኳ የመታለት ጎረቤት ነው።

"መቼ ነው የምትጀምረው?" ሲሉት መልስ አያጣም።

"ማቴዎስ 25ን ይዛችሁ አትፍረዱብኝ። ያ እዚያ ነው፤ እዚህ ጌዴኦ ነው። እዚህ የተቀበረ ይበስላል። ቆጮ ጉድጓድ ገብቶ አይደል የሚጥመው?"

መቼም አፍ አለው! ሳቅ ሆነ። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጀበናዋን እንደያዘች፦

"ቆጮ የሚቀበረው ተፍቆ ነው፤ አንተ ከነግንድህ ነው የተቀበርከው። ደግሞም ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። አንተን ማን ገልብጦህ ያውቃል?"

"ሚስቴ ሞክራለች፣ እትዬ።"

"አፍንጫዋን ይዛ ነዋ!"

መንገድ ቀየረ። "ዲላ ጠባብ ናት። አዲስ አበባ ብወለድ ኖሮ..."

"ቡናውስ የት ተወለደ? በሞያሌ መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ይርጋጨፌ። ቶኪዮ ድረስ በትውልድ ስሙ ይጠጣል፤ አዲስ አበባ ብወለድ ሲል አልሰማነውም።"

"ትክል ድንጋዮቻችንስ? ስንት ዘመን ዝም ብለው ቆመው፣ መስከረም 2016 ሪያድ ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ አብረው ገቡ። እኔም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።"

"ድንጋዩን ጠርቦ ያቆመ ሰው አለ እኮ! እሱ ጊዜዬ አልደረሰም ብሎ ቢቀመጥ ዩኔስኮ ምኑን ይመዘግባል፣ ሰበቡን? ደግሞ ድንጋዩ ብቻ አይደለም የተመዘገበው። ትልልቁን ዛፍ ሳይቆርጡ ከሥሩ እንሰትና ቡና ሲያለሙ የኖሩ እጆችም ናቸው። ያንተ እጅ ከስኒ ሌላ ምን ያነሳል?"

እጁን አየ። ስኒው ባዶ ነበር፤ ዘረጋላት።

"እሺ፣ ጌታ ሲመጣ የሰጠኝን እንዳለ እመልስለታለሁ።"

"እንዳለ? ሁለት ክሩ ተበጥሶ?"