ጠመንጃን ሰብስቦ መልሶ የመበተን ዘዴ

ከነዋሪው ጠመንጃ በገንዘብ ሰብስቦ መልሶ ገበያ ላይ መበተን የሚሻ ከንቲባ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያምር መግለጫ ያውጣ። የሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማ አርአያ ትሁነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ከነዋሪዎቿ የተሰበሰቡ 68 የጥቃት ጠመንጃዎች እንደሚቃጠሉ አስታወቀች፤ መሣሪያ መልሶ መሸጥ በመመሪያዋ እንደሌለም አከለች። በዲሴምበር ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሌላ ታሪክ ይዞ ወጣ፦ ፍሊንትን የመሰሉ ከተሞች መሣሪያውን የሚያስረክቡት ለግል ኩባንያዎች ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ብልሃት በነጻ የሚሠራ ኩባንያ መፈለግ ነው። ሚዙሪ ውስጥ ያለው አንዱ በአሥር ዓመት ከ950 ገደማ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ከ200,000 በላይ መሣሪያ ተረክቧል። ከንቲባው «እናንተስ በምን ትኖራላችሁ?» ብሎ እንዳይጠይቅ አደራ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሣሪያ ተብሎ የሚቆጠረው መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት ክፍል ነው። እሱ ይደቅቃል፣ ሕጉም ይረካል። የቀረው፣ በርሜሉም ሰደፉም ቃታውም፣ ባንድ ላይ ተጠቅሎ በኢንተርኔት ይሸጣል። ገዢው ለጥቅሉ የወንጀል ታሪኩ አይጣራም፤ የጎደለችውን አንዲት ክፍል ከሌላ ቦታ አምጥቶ ይገጥማል።

ከአውስትራሊያ ምክር መጠየቅ ግን ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ አውስትራሊያውያን ለጤና መድን የሚከፈለውን ግብር ለአንድ ዓመት በ0.2 የመቶኛ ነጥብ ጨምረው 650,000 ገደማ መሣሪያ ገዙ፤ ገዝተውም አጠፉት። እንዲህ ያለ አባካኝ ምኑን ይሸጣል?

አሪዞና ከንቲባን ይህን ያህል አታደክምም። በቱሳን ከተማ የኮንግረስ አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ የቆሰሉበትና ስድስት ሰዎች የሞቱበት ጥቃት ሁለተኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በጃንዋሪ 2013፣ መሣሪያ ላመጣ ሁሉ የ50 ዶላር የሸቀጥ መግዣ ካርድ ታደለ። ከ200 በላይ መሣሪያ ተሰበሰበ። ጥሬ ገንዘብ የያዙ ገዢዎችም እዚያው ደጅ ላይ ቆመው ይሻሙ ነበር። በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት አገረ ገዢዋ ጃን ብሩወር፣ በፈቃድ የተመለሰ መሣሪያ ፈቃድ ላለው ነጋዴ እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ ፈረሙ። ቱሳን እምቢ ብላ ማጥፋቷን ቀጠለች፤ በ2017 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባት። መቼም ሕግ አክባሪነት እንዲህ ትርፋማ ሲሆን ደስ ይላል።

ሕግም ኩባንያም ያጣ ከንቲባ ተስፋ አይቁረጥ፣ የተዝረከረከ ግምጃ ቤት ይበቃዋል። በዲሴምበር 2023 ቺካጎ በሚገኘው የቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ግሎክ ሽጉጥ ከፖሊስ እጅ ጠፍቶ፣ ዓመት ገደማ ቆይቶ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ዘንድ ተገኝቷል።

ክፍያውም ቢሆን መሣሪያውን ሳያዩ ሲሆን ነው የሚያምርበት። በ2012 እዚያው ቺካጎ አንድ የመሣሪያ መብት ማኅበር 60 ያረጁ ጠመንጃዎችን አስረክቦ ከ6,000 ዶላር በላይ ዋጋ ያላቸው የስጦታ ካርዶች ተቀበለ። ካርዶቹንም ለወጣቶች የተኩስ ሥልጠና ካምፕ ማጠናከሪያ አዋላቸው።