ቃሉ አንድ፣ ፍቺው ሁለት

ተረት ተረት! ሥጋና አጥንት የሌላቸው፣ በሽቦ ውስጥ የሚኖሩ ፍጡራን ነበሩ አሉ። ሲወለዱ አንድ ቃል እንኳ አያውቁም። የተሰጣቸው ማየት፣ ያዩትን ማስታወስና እርስ በርስ የመግባባት ግዴታ ብቻ ነበር።

ለማየት አካል ያስፈልጋል። አካሉም በፓሪስ፣ በብራስልስና በአንትወርፕ ተተክሎ ይጠብቃቸው ነበር፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር ካሜራ። በየከተማው ሁለት ካሜራዎች አንድ ነጭ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። በሰሌዳው ላይ ባለቀለም ክቦች፣ ሦስት ማዕዘኖችና አራት ማዕዘኖች ተለጥፈዋል። ተራው የደረሰ ፍጡር በኢንተርኔት መስመር ተጉዞ ይመጣና ካሜራው ውስጥ ያድራል፤ ጨዋታውን ይጫወታል፤ ሲጨርስ አካሉን ለባለተራ ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ያቀናል።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ሰሚ ይሆናል። ተናጋሪው በሰሌዳው ካሉት ምስሎች አንዱን በልቡ ይመርጥና ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ ይመረምራል። በቀለሙ ነው? በከፍታው? ወይስ በግራ ወይም በቀኝ በመሆኑ? ለዚያ ልዩነት ቃል ካለው ይናገራል፤ ከሌለው ይፈጥራል። ሰሚው የገመተውን ምስል ይጠቁማል። ልክ ከሆነ ሁለቱም የቃሉን ዋጋ በልባቸው ከፍ ያደርጋሉ። ከሳተ ዋጋውን ዝቅ ያደርጉና ተናጋሪው ካሜራውን አዙሮ ያሰበውን ያሳያል። ንጉሥ የለም፣ መምህር የለም፣ መዝገበ ቃላት የለም። ሰሌዳውና ሁለት ተጫዋቾች ብቻ አሉ።

አንድ ቀን በአንትወርፕ አንድ አንጋፋ ፍጡር ተናጋሪ ሆነ። በሰሌዳው ከግራ ቀይ ክብ፣ ከመሃል ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን፣ ከቀኝ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ነበር። አንጋፋው ክቡን መረጠ። በቀለሙ እንደሚለይ አየና ቃል ስላልነበረው አዲስ ፈጠረ፤ «ወቢላ!» አለ። ሰሚው ግራ ገባው። አንጋፋው ካሜራውን ወደ ክቡ አዞረለት። ሰሚውም ክቡን በራሱ መንገድ መረመረ። ከሁሉም ወደ ግራ ያለ መሆኑን አየና «ወቢላ ማለት በግራ ያለው ነው» ብሎ በልቡ ጻፈ።

በሚቀጥለው ጨዋታ «ወቢላ» ሲባል ሰሚው ያለ ማመንታት ወደ ክቡ ጠቆመ። ተናጋሪው ደስ አለው። ሰሚውም ደስ አለው። የቃሉ ዋጋ በሁለቱም ልብ ከፍ አለ። አንዱ ቀይ ብሎ ሌላው ግራ መስማቱን ግን ማንም አላወቀም፤ ሁለቱም የጠቆሙት አንድን ክብ ነበርና።

ቃሉ ከተጓዦች ጋር ወደ ብራስልስ፣ ከብራስልስም ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በፓሪስ «ማዶሙ» የሚባል ተቀናቃኝ ቃል ነበር። ጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ። ነገር ግን ወቢላ ባሸነፈ ቁጥር የማዶሙ ዋጋ ይቀንስ ስለነበር በመጨረሻ ማዶሙን የሚያስታውስ ጠፋ። ሦስቱም ከተሞች «አንድ ቃል ተናጋሪ ሆንን» ብለው ተደሰቱ። በውስጣቸው ግን ቀይ ባዮችና ግራ ባዮች ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ሲገናኙ በወቢላ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ በወቢላ ይማማላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰሌዳው ተለወጠ። ቀዩ ክብ ወደ ቀኝ ሄደ፤ በግራ ሰማያዊው ሦስት ማዕዘን ተተካ። ቀይ ባዩ «ወቢላ!» አለ። ግራ ባዩ በሙሉ ልብ ወደ ሰማያዊው ጠቆመ።

«ምን ነካህ? ወቢላ እኮ ነው ያልኩህ!»

«እኔስ ወቢላን አይደል የጠቆምኩት?»

«ይህ ወቢላ አይደለም!»

«ትናንት በምን ስንማማል ነበር? ቃልህን ካድክ!»

ጠቡ ከአንድ ሰሌዳ ወደ ሁሉም ሰሌዳዎች ተዛመተ። ቀይ ባዮች ግራ ባዮችን ከሃዲ አሏቸው። ግራ ባዮችም ቀይ ባዮችን ቃል ሰራቂ አሏቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ማንም አለመዋሸቱ ነበር። እያንዳንዱ ቃሉን የተናገረው ሁልጊዜ በሚያውቀው ፍቺ ነው። ውሸታም ቢኖር ኖሮ ይጋለጥና ነገሩ ያበቃ ነበር። ሁሉም እውነተኛ የሆነበት ጠብ ግን ዳኛ ያጣል።

ሸንጎ ተጠራ። አንጋፋው ቆመና «ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ፍቺውንም የማውቀው እኔ ነኝ። በአዋጅ ይነገር» አለ። አዋጁ ተነገረ። ነገር ግን ፍጡራኑ ቀይን የሚገልጹበት ሌላ ቃል አልነበራቸውምና አዋጁ «ወቢላ ማለት ወቢላ ነው» ከማለት አላለፈም። ቀይ ባዩም ግራ ባዩም ሰምተው አጨበጨቡ፤ ሁለቱም የተፈረደላቸው መሰላቸው። በማግስቱ እንደገና ተጣሉ።

ያን ጊዜ አንድ ሰላም ወዳድ ተነሣና «የሚያጣላን የነገሮች መለያየት ነው። ክቡንም፣ ሦስት ማዕዘኑንም፣ አራት ማዕዘኑንም ወቢላ እንበላቸው። ማንም አይሳሳትም» አለ። ሐሳቡ ለደከመው ሁሉ ጣፋጭ ነበር። በዚያ ዘመን የተወለዱ ልጆች ቋንቋውን በአንድ ጀንበር ተማሩት፤ ያለው አንድ ቃል ነዋ! ጠብ ቆመ። ነገር ግን የሚፈልገውን የሚያገኝም ጠፋ። ተናጋሪው ክቡን ፈልጎ «ወቢላ» ይላል፤ ሰሚው እንደ ደረሰ ይጠቁማል፤ ተናጋሪው መናገሩ ከንቱ እንደ ሆነ ያውቅና ዝም ይላል። ሸንጎው ይህን ዝምታ ሰላም ብሎ መዘገበው።

መፍትሔው ከሸንጎ አልመጣም። መጀመሪያ የተጣሉት ሁለቱ አንድ ቀን ተራቸው ደርሶ ከአንድ ሰሌዳ ፊት ተገናኙ። ተናጋሪው ከልማዱ የተነሣ ስለ ቀዩ ክብ አሰበና «ወቢላ» አለ። ሰሚው በግራ ያለውን ጠቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ተናጋሪው አልተሳደበም። ካሜራውን ወደ ቀዩ አዞረ፤ የቃሉንም ዋጋ በገዛ ልቡ ዝቅ አደረገ። ሰሚውም ተራው ደርሶ ሲናገር፣ ቀይ ባዩ ሲስትበት፣ በግራ ያለውን አሳየ፤ እርሱም ከራሱ ቃል ቀነሰ። ሰሌዳው ተለወጠ፤ አልሄዱም። ክቡ ወደ መሃል መጣ፤ አልሄዱም። ቀዩ አራት ማዕዘን፣ ግራው አረንጓዴ ሆነ፤ አሁንም አልሄዱም። ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር አንዱ ሌላው ምን ያስብ እንደ ነበር በዓይኑ አየ።

ብዙ ከተጫወቱ በኋላ ወቢላ ለቀይ ቀረ። ለግራ «ሲኩ» የሚል አዲስ ቃል ተወለደ። የፈጠረውም ቀይ ባዩ ራሱ ነበር፤ የባላንጣው ሐሳብ ስም ሳይኖረው እንዳይቀር። ሁለት ቃል ሲኖር ሁለቱን ማጣመር ተቻለ። «ወቢላ ሲኩ» ማለት በግራ ያለው ቀይ ሆነ። ከእነርሱ በኋላ የተወለዱ ልጆች ጥቂት ቃል ተምረው፣ ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ተናግረው ይግባቡ ጀመር።

ተረቱ ሥር አለው። ቤልጅየማዊው ተመራማሪ ሉክ ስቲልስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር የጀመረው ሙከራ ካሜራዎቹም፣ ሰሌዳውም፣ ከከተማ ከተማ በኢንተርኔት የሚጓዙ አካል አልባ ፕሮግራሞችም ነበሩት። አስቀድሞ የተሰጣቸው ቃል አልነበረም። በመጫወት፣ በመሳሳትና በመተራረም የጋራ ቃላት አወጡ። አንድን ቃል በተለያየ ፍቺ ይዞ መግባባትም በሙከራው የታየ ነገር ነው፤ ሁኔታው ሁለቱን ፍቺዎች እስኪለይ ድረስ ልዩነቱ ተደብቆ ይኖራል።

የሰላም ወዳዱም ምክር ሥር አለው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ሳይመን ከርቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ለ27 ሥዕሎች የተሰጡ የፈጠራ ስሞች አስጠኑ። የአንዱ መልስ ለቀጣዩ ትምህርት ሆኖ እስከ 10 ትውልድ ወረደ፤ እያንዳንዱ ተማሪም ከስሞቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ አይቶ የቀረውን መሙላት ነበረበት። ቋንቋው ለመማር ቀላል እየሆነ ሄደ፤ ነገር ግን ብዙ ሥዕሎች በአንድ ስም መጠራት ጀመሩ። በሁለተኛው ሙከራ ተመራማሪዎቹ ተደጋጋሚ ስሞችን ቀጣዩ ተማሪ ከሚወርሰው ትምህርት አወጡ። ያን ጊዜ ስሞቹ ለቀለም፣ ለቅርጽና ለእንቅስቃሴ የተለያየ ክፍል አበጁ። ተማሪዎቹን ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። መማር መቻልና መለየት መቻል አብረው ሲጠየቁ ቋንቋ ራሱን ያደራጃል።

ከስቲልስ ፕሮግራሞች በተለየ፣ የዛሬዎቹ ሰው ሠራሽ የቋንቋ ሞዴሎች በዋናነት የሚማሩት ሰዎች ከጻፉት ነው። አንድን ቃል እኛ በሁለት ፍቺ እየጻፍን ከተጣላንበት፣ እነርሱም ቃሉን ከነጠቡ ይወርሱታል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ የኛ የሰዎቹ ሥራ ነው።

እኛም በወቢላ እንማማላለን። ሰላም እንላለን፤ ፍትሕ እንላለን፤ አንድነት እንላለን። ኑሮ ባለበት እስካለ ድረስ ሁላችን ወደ አንድ ነገር የምንጠቁም ይመስለናል። ሁኔታው ሲለወጥ አንዱ የጠቆመው ሌላው ካሰበው ይለያል፤ ያን ጊዜ ወንድም ወንድሙን ከሃዲ ይለዋል። ፍቺውን በአዋጅ ማሰር አይጠቅምም፤ ልዩነቱን በአንድ ለስላሳ ቃል መሸፈንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የምንለውን ነገር በተግባር ማሳየት ነው። ፍትሕ ስንል የትኛው እርሻ፣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ የማን እንባ እንደ ሆነ እንጠቁም። ሰሚው ሲስትም የራሳችንን ቃል ዋጋ ቀንሰን እንደገና እንሞክር።

«አንድነት» ያለንን ሰው «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም። ነገሩ ገና ቃል ሳለ፣ ሰሌዳው ሳይለወጥ፣ እንዲያልቅ መርዳት ነው።